የመታለልን ዋጋ ማን ይክፈል?

የቻይና የኦንላይን ገበያና የሸማች ሕግ የሠላሳ ዓመት ጉዞ
(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

በማርች 1995 ዋንግ ሃይ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ቤጂንግ ውስጥ ሎንግፉ ከተባለ ትልቅ የገበያ አዳራሽ «ሶኒ» የሚል ስም የታተመባቸው ሁለት የጆሮ ማዳመጫዎች ገዛ። ፎርጅድ እንደሆኑ ጠርጥሮ ነበር። አጣርቶ ሲያረጋግጥም አልተናደደም፤ ተመልሶ ሄዶ ሌላ አሥር ጨመረ። ከአንድ ዓመት በፊት ሥራ ላይ የዋለው የሸማቾች መብት ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 49፣ ያጭበረበረ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ከመመለሱም በላይ ያንኑ ያህል ካሳ እንዲከፍል ያዛል። ወጣቱ አንቀጹን ይዞ ካሳውን ጠየቀ።

ነገሩ ሲሰማ የሰው አስተያየት ለሁለት ተከፈለ። ፎርጅድ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ሰው ነገር ፈላጊ እንጂ ሸማች አይባልም ያሉ ነበሩ። መንግሥት በየሱቁ ደጃፍ ተቆጣጣሪ ማቆም ካልቻለ ሕዝቡ ራሱ ቢቆጣጠር ምን ይጎዳል ያሉም ነበሩ። ዓመቱ ሳያልቅ ዋንግ ሃይ ከአንድ የሸማቾች ጥበቃ ፋውንዴሽን 5,000 ዩዋን ተሸለመ፤ ፎርጅድ ማደኑንም ቋሚ ሙያው አደረገው፤ ብዙ ተከታይም አፈራ።

በዚያ ክርክር ውስጥ የነበረው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። ገዢ ሲታለል፣ ወይም እንዳይታለል ጥበቃ ሲደረግለት፣ ወጪው ከማን ኪስ ይውጣ? ከገዢው፣ ከሻጩ ወይስ ገበያውን ካቆመው? ንግዱ ከሱቅ ወጥቶ ወደ ኢንተርኔት ሲገባ ጥያቄው አብሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ በቻይና የወጣ እያንዳንዱ ደንብ ይህን ሸክም ከአንዱ ትከሻ አንሥቶ በሌላው ላይ ያሳረፈ ነው።

ሰባ ሁለት ሰዓት በኢንተርኔት

በሴፕቴምበር 1999 በቤጂንግ፣ በሻንጋይና በጓንግዡ 12 ፈቃደኞች በየሆቴል ክፍላቸው ገብተው በር ተዘጋባቸው። ለእያንዳንዳቸው 1,500 ዩዋን ጥሬ ገንዘብ፣ 1,500 ዩዋን የኤሌክትሮኒክ ገንዘብና ኢንተርኔት የገባለት ኮምፒውተር ተሰጣቸው። ለ72 ሰዓት የሚበሉትንና የሚጠጡትን ሁሉ በኢንተርኔት ገዝተው እንዲኖሩ ነበር ፈተናው። አንደኛው ምግብ ማግኘት አቅቶት አንድ ቀን ያህል ከተራበ በኋላ አቋርጦ ወጣ። ጋዜጦች ወሬውን እንደ ቀልድም እንደ ሐዘንም ጻፉት።

በኢንተርኔት ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው በዚያ ዘመን አልጠፋም። በዚያው ዓመት የእንግሊዝኛ መምህር የነበረው ጃክ ማ ከ17 ባልደረቦቹ ጋር ሃንግዡ ከተማ በሚገኝ መኖሪያ ቤቱ አሊባባን መሠረተ። ሻንጋይ ላይ ደግሞ ከሃርቫርድ የተመለሰው ሻኦ ዪቦ ኢችኔት የተባለ የጨረታ ድረ ገጽ ከፈተ። የአሜሪካው ኢቤይ በ2002 የኢችኔትን አንድ ሦስተኛ በ30 ሚሊዮን ዶላር፣ በቀጣዩ ዓመት ቀሪውን በ150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ።

የጎደለው ሌላ ነገር ነበር። የባንክ ካርድ የያዘ ሰው ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ ገዢ ከተታለለ የካርዱ ባንክ ገንዘቡን ያስመልስለታል፤ ሕግም ከኋላው ቆሟል። ቻይና ውስጥ ግን በኢንተርኔት ቀድሞ የከፈለ ሰው ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነበር። ሻጩም በበኩሉ ገንዘቡን ሳያይ ዕቃውን ለማያውቀው ሰው አይልክም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ልክ በመሆናቸው ግን ግብይቱ አይሄድም። ስለዚህ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ገዢና ሻጭ በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ ተቀጣጥረው፣ ዕቃውንና ገንዘቡን ፊት ለፊት መለዋወጥ የተለመደ ሆነ።

በአደራ የተያዘ ገንዘብ

በ2003 የፀደይ ወቅት ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ ቻይናን አስጨነቃት። የአሊባባ ሠራተኞች አንዲት ባልደረባቸው በበሽታው ተጠርጥራ ሁሉም ከቤት እንዳይወጡ ተደረጉ። ታኦባኦ የተባለው የገበያ ድረ ገጽ ሥራ የጀመረው በዚያ ጭንቅ መካከል፣ ሜይ 10 ቀን ነው። ኢቤይ ከሻጮች ክፍያ ይጠይቃል፤ ታኦባኦ ለሦስት ዓመት ምንም አልጠየቀም። ኢቤይ ኮሚሽኑ እንዳያመልጠው ገዢና ሻጭ በቀጥታ እንዳይገናኙ ይጠነቀቃል፤ ታኦባኦ ግን ሁለቱ እየተጻጻፉ ዋጋ እንዲከራከሩ የመልእክት ሳጥን ከፈተላቸው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በኦክቶበር ነው። አሊፔይ የተባለው አዲስ አሠራር ገዢው ገንዘቡን ለሻጩ እንዲልክ አያስገድደውም። ገንዘቡ በመካከል በአደራ ይቀመጣል፤ ሻጩ መቀመጡን አይቶ ዕቃውን ይልካል፤ ገዢው ዕቃው ደርሶት «ተቀብያለሁ» ሲል ገንዘቡ ይለቀቃል። የመጀመሪያው ግብይት አንድ ያገለገለ የፉጂ ካሜራ ነበር፤ ዋጋው 750 ዩዋን፣ ገዢው ዢያን ከተማ፣ ሻጩ ጃፓን። ገዢው ገንዘቡን ካስገባ በኋላ ፈርቶ ሊመልሰው ሲል የታኦባኦ ሰዎች ስልክ ደውለው እንዳግባቡት ይነገራል።

ይህን አሠራር ያዘዘ ሕግ አልነበረም። ይልቁንም ባንክ ያልሆነ ድርጅት የብዙ ሰው ገንዘብ በእጁ ይዞ መቆየቱ ሕጋዊነቱ የሚያጠራጥር ነበር። ኩባንያው ግን ገፋበት፤ በ2005 መጀመሪያ በአሊፔይ ከፍሎ የተጭበረበረን ሰው ሙሉ በሙሉ እንደሚክስ አስታወቀ። ሸማቹን መጠበቅ ለታኦባኦ ጽድቅ አልነበረም፤ ዕቃ የሚሸጥበት መንገድ ነበር። በ2006 መጨረሻ ኢቤይ የቻይና ድረ ገጹን ለሽርክና አስረክቦ ወደ ዳር ወጣ።

ማዕከላዊው ባንክ ለዓመታት ዝም ብሎ ተመለከተ። ደንብ ያወጣው በ2010 ነው፤ አሊፔይ ፈቃድ ያገኘው በሜይ 2011። አሠራሩ ከተጀመረ ሰባት ዓመት ተኩል አልፎት ነበር። በ1999 ወይም በ2003 ጥብቅ ደንብ ቢወጣ ኖሮ ያ የአደራ አሠራር ላይወለድ ይችል ነበር። ደንቡ ጨርሶ ባይወጣ ደግሞ የሚሊዮኖች ገንዘብ በአንድ ድርጅት ቃል ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ንግዱ እስኪያድግ መታገሡም ካደገ በኋላ መግባቱም ዋጋ ነበራቸው።

ፈቃድ የሌላቸው ሻጮች

ይኸው ትዕግሥት ለትናንሽ ሻጮችም ደረሳቸው። ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሻጂ በምትባል የገጠር ከተማ በ2006 አንድ ወጣት ቀላል የእንጨት የቤት ዕቃ በታኦባኦ መሸጥ ጀመረ። ጎረቤቶቹ አይተው ተከተሉት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያሮጌ ፕላስቲክ በመልቀም ትታወቅ የነበረችው ሻጂ የመጋዝ ድምፅ የማይለያት የአናጢዎች መንደር ሆነች። ከእነዚህ ሻጮች ብዙዎቹ የንግድ ፈቃድ አልነበራቸውም። በመደብር ኪራይና በግብር የተያዘው የከተማ ነጋዴ ይህ ፍትሕ ነው ወይ ብሎ ያጉረመርም ነበር።

በጁላይ 2010 ሥራ ላይ የዋለው ጊዜያዊ ደንብ መሐል መንገድ መረጠ። በኢንተርኔት የሚሸጥ ግለሰብ ፈቃድ እንዲያወጣ አልተገደደም፤ እውነተኛ ስሙንና አድራሻውን ለገበያው ባለቤት ማስመዝገብ ግን ግዴታው ሆነ። ማጣራቱና መያዙ የገበያው ባለቤት ፈንታ ነው። መንግሥት የተቆጣጣሪነቱን ከፊል ሥራ ለኩባንያ አሸጋገረ ማለት ነው።

ኩባንያው ለዚህ አደራ ምን ያህል እንደሚበቃ ግን ወዲያው ተፈተነ። በፌብሩዋሪ 2011 አሊባባ በራሱ ላይ ያደረገውን ምርመራ ይፋ አደረገ። በጅምላ ንግድ ድረ ገጹ ላይ «ወርቃማ አቅራቢ» የሚል ማዕረግ ከተሰጣቸው ሻጮች መካከል በ2009 እና በ2010 በድምሩ 2,326ቱ አጭበርባሪዎች ነበሩ። ወደ 100 የሚጠጉ የሽያጭ ሠራተኞች አውቀው ወይም ዓይናቸውን ጨፍነው አሳልፈዋቸዋል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሆነ። የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚና የሥራ ክንውን ኃላፊው ለቀቁ። ሠራተኛ የሚሸለመው ባስገባው ሻጭ ብዛት ከሆነ ሻጩን አጣርቶ የሚመልስበት ምክንያት እንደሌለው ያን ጊዜ ታየ።

የኦክቶበር ዐመፅ

የዚያ ዓመት ትልቁ ወሬ ግን ገና አልመጣም ነበር። ታኦባኦ በ2008 ለብራንዶችና ለተመዘገቡ ነጋዴዎች የከፈተው «ታኦባኦ ሞል» በኦክቶበር 10 ቀን 2011 አዲስ ደንብ አወጣ። 6,000 ዩዋን የነበረው ዓመታዊ ክፍያ 30,000 ወይም 60,000 ሆነ። 10,000 የነበረው ማስያዣ እስከ 150,000 አሻቀበ። ሻጩ ካጭበረበረ ወይም ፎርጅድ ከሸጠ ገዢው የሚካሰው ከማስያዣው ነው። የተሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፦ ሸማቹን ከፎርጅድና ከመጥፎ አገልግሎት መጠበቅ።

ለትልቅ ብራንድ ይህ ገንዘብ ምንም አይደለም። ሁለት ሦስት ሰው ቀጥሮ ልብስ ለሚሸጥ ነጋዴ ግን ሱቁን መዝጊያ ትእዛዝ ነው። በማግስቱ ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ነጋዴዎች ዋይዋይ በሚባል የድምፅ መነጋገሪያ ላይ ተሰበሰቡ። በአንድ ድምፅ ወደ ትልልቆቹ ብራንዶች ሱቅ ገብተው ዕቃ በገፍ ማዘዝ ጀመሩ። ካዘዙ በኋላ መጥፎ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ወዲያው ገንዘብ ይመለስልኝ ይላሉ፤ ሲደርስ እከፍላለሁ ብለው ያዝዛሉ። የታላላቆቹ ሱቆች መደርደሪያ ባንድ ሌሊት ተራቆተ፤ አንዳንዶቹም ዕቃቸውን ከገበያው ለማንሣት ተገደዱ።

ዐመፀኞቹ ድንጋይ አልወረወሩም። የተዋጉት ለሸማቹ ጥበቃ በተሠሩት መሣሪያዎች ነው። ነጥብ መስጠት፣ መመለስ፣ ሲደርስ መክፈል፣ ሁሉም ገዢን ከአጭበርባሪ ሻጭ ለመጠበቅ የተፈጠሩ መብቶች ናቸው። መብቱን የሚይዘው እጅ ሲለወጥ ግን ንጹሑንም ሻጭ ሊያፈርስ ቻለ። 

ጃክ ማ ከአሜሪካ ተመለሰ። የንግድ ሚኒስቴር ጉዳዩ በእርጋታ እንዲፈታና የትናንሽ ነጋዴዎች ጥያቄ እንዲደመጥ አሳሰበ። ኦክቶበር 17 ቀን ኩባንያው ሃንግዡ ላይ ወደ ኋላ አለ፤ ነባር ነጋዴዎች እስከ ሴፕቴምበር 2012 መጨረሻ በድሮው ክፍያ እንዲቀጥሉ፣ ማስያዣው በግማሽ እንዲቀንስ፣ 1.8 ቢሊዮን ዩዋንም ለዋስትናና ለድጋፍ እንዲመደብ ተወሰነ። ደንቡ አልተሻረም፤ ጊዜ ተሰጠው፣ ከወጪውም ከፊሉ ወደ ገበያው ባለቤት ዞረ። ዐመፁ ያተረፈው ይህን ነው።

ሰባት ቀን

ገበያው በዚህ ሁሉ መካከል ማደጉን አላቆመም። በኖቬምበር 11 ቀን 2009፣ 27 ብራንዶች ይዞ የተጀመረው የአንድ ቀን የቅናሽ ሽያጭ ያኔ 50 ሚሊዮን ዩዋን ገደማ አስገብቶ ነበር፤ በ2012 19.1 ቢሊዮን፣ በ2013 ደግሞ 35 ቢሊዮን ደረሰ። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ቀን ሲገዛ ያልጠበቀው ዕቃ የሚደርሰውም ያንኑ ያህል በዛ።

ሕግ አውጪው በኦክቶበር 2013 የ1993ቱን የሸማቾች ሕግ አሻሻለ፤ ማሻሻያው ማርች 15 ቀን 2014፣ በሸማቾች ቀን፣ ሥራ ላይ ዋለ። በኢንተርኔት፣ በስልክ ወይም በቴሌቪዥን የገዛ ሰው ዕቃው በደረሰው በሰባት ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ መመለስ ይችላል። ያጭበረበረ ነጋዴ የሚከፍለው ካሳ የዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ዝቅተኛውም 500 ዩዋን። የገበያው ባለቤት የሻጩን እውነተኛ ስም፣ አድራሻና መገኛ ለተበደለው ገዢ መስጠት ካልቻለ ራሱ ይከፍላል።

የሰባት ቀኑ አንቀጽ የተጻፈው ኦክቶበር 2011ን ባዩ ሰዎች ነው፤ ከዝርዝሩ ያስታውቃል። በልክ የተሰፋ ወይም በትእዛዝ የተሠራ ዕቃ አይመለስም። ፍራፍሬና ሌላ ቶሎ የሚበላሽ ነገር አይመለስም። የተከፈተ ሶፍትዌር፣ የተከፈተ የሙዚቃ ወይም የፊልም ዲስክ፣ የደረሰ ጋዜጣ አይመለስም። የሚመለሰው ዕቃ ያልተበላሸ መሆን አለበት፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ የመመለሻውን ትራንስፖርት የሚከፍለው ገዢው ነው። በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ገበያው ከሕጉ ቀድሞ ነበር። ከ2010 ጀምሮ በታኦባኦ ላይ ለአንድ ግዢ በጥቂት ሳንቲም የሚገባ ኢንሹራንስ ነበር፤ ዕቃው ከተመለሰ የትራንስፖርቱን ወጪ የሚሸፍነው መድን ሰጪው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይገባ ወጪ ለሚሊዮኖች ተከፋፍሎ ቀለለ።

ፍርሃት የነበረው ሰው ሁሉ እየለበሰ ይመልሳል፣ ነጋዴው ይከስራል የሚል ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ ባለው የ2014 ኖቬምበር 11 ሽያጭ 57.1 ቢሊዮን ዩዋን ገባ። ዕድገቱን ያመጣው ሕጉ ነው ማለት አይቻልም፤ ሕጉ እንዳላቆመው ግን ቁጥሩ ይመሰክራል።

ዳኛውና ተከሳሹ

አሊባባ በሴፕቴምበር 2014 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወጥቶ 25 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰበ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ተወዳዳሪ ያልነበረው ሽያጭ ነው። ከአራት ወር በኋላ የቻይና የንግድና ኢንዱስትሪ አስተዳደር መሥሪያ ቤት የኦንላይን ገበያዎችን ናሙና መርምሮ ውጤቱን አወጣ። ከታኦባኦ ከተወሰዱት 51 ናሙናዎች ኦሪጅናል የተባሉት 37.25 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ የመጣው ከዚያ በፊት ያልታየ ነበር። የታኦባኦ ሠራተኛ ነኝ ባይ በይፋ በተለጠፈ ደብዳቤ የመሥሪያ ቤቱን አንድ የመምሪያ ኃላፊ በስም ጠርቶ ናሙናው አነስተኛ ነው፣ ዳኝነቱም የተዛባ ነው አለው። መሥሪያ ቤቱም በቀናት ውስጥ አሊባባ በገበያው ላይ ሕገ ወጥ ድርጊቶችን ችላ ብሏል የሚል ረዥም ሰነድ ይፋ አደረገ። የኩባንያው አክሲዮን ኒውዮርክ ላይ ወደቀ። በጃንዋሪ 30 ቀን 2015 ጃክ ማ ከመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ጋር ተገናኘ፤ ሰነዱም ከድረ ገጹ ተነሥቶ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም ተባለ።

ፀቡ በእርቅ ቢዘጋም አንድ ነገር ገለጠ። ኩባንያው በራሱ ገበያ ውስጥ ደንብ ያወጣል፣ ይፈርዳል፣ ይቀጣል፤ ዳኛም ተከሳሽም ነው። እንዲህ ያለውን አካል የሚመጥን ሕግ ገና አልተጻፈም ነበር።

አራት ጊዜ የተነበበው ሕግ

ያን ሕግ የማርቀቅ ሥራ የተጀመረው በ2013 መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ለሕዝብ ተወካዮች ቋሚ ኮሚቴ የቀረበው በዲሴምበር 2016 ነበር፤ ሁለተኛው በኦክቶበር 2017፣ ሦስተኛው በጁን 2018። በተለምዶ በሦስተኛው ይጸድቃል። ይህኛው አራተኛ ንባብ አስፈለገው።

ያከራከረው አንቀጽ 38 ነው። የሰው ሕይወትና ጤና በሚነካ ዕቃ ወይም አገልግሎት ላይ የገበያው ባለቤት ሻጩን በሚገባ ሳያጣራ ቢቀርና ሸማች ቢጎዳ ኃላፊነቱ ምንድን ነው? ሦስተኛው ረቂቅ ከሻጩ ጋር በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃል አለ። የተጎዳው ሰው ሙሉ ካሳውን ከፈለገው ወገን ይወስዳል፤ ያም በተግባር ገንዘብ ያለው ኩባንያ ነው። ኩባንያዎች ይህ ያጠፋናል ብለው ተቃወሙ። አራተኛው ረቂቅ ኃላፊነቱን ወደ ማሟያ ዝቅ አደረገው፤ መጀመሪያ ሻጩ ይከፍላል፣ የጎደለውን ገበያው ይሞላል።

አራተኛው ረቂቅ ከመቅረቡ ከሦስት ቀን በፊት፣ ኦገስት 24 ቀን 2018፣ ዩዌቺንግ ከተማ አንዲት የ20 ዓመት ወጣት ዲዲ በተባለው የመኪና መጥሪያ መተግበሪያ በተሳፈረችበት መኪና ሾፌር ተገደለች። በዋዜማው ሌላ ተሳፋሪ በዚያው ሾፌር ላይ አቤቱታ አቅርባ ኩባንያው እርምጃ ሳይወስድ ቀርቶ ነበር። አገሩ በቁጣ ተሞልቶ ሳለ የገበያ ባለቤቶችን ኃላፊነት የሚያቀልል ረቂቅ ለሸንጎ ቀረበ። ለሸማች የቆሙ ሁሉ ጮኹ። ኦገስት 31 ቀን የጸደቀው ሕግ ሦስተኛውንም አራተኛውንም ቃል ተወና ኩባንያው «ተገቢውን ኃላፊነት» እንደሚሸከም ጻፈ። ተገቢው ምን ያህል እንደሆነ ፍርድ ቤት እንደ ጉዳዩ ይወስናል። ለአንዳንዱ ሽሽት ነው፤ ለሌላው ደግሞ አንድ ልክ ለሁሉም አይሆንም የሚል አስተዋይነት። ለጥፋቱ የሚጣለው ቅጣት ግን በቁጥር ተቀመጠ፤ እስከ 2 ሚሊዮን ዩዋን።

ሕጉ በጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ሥራ ሲጀምር 89 አንቀጾች ነበሩት። ገበያው የገዢዎችን አስተያየት እንዳይሰርዝ፣ ሻጩ በሐሰተኛ አስተያየት እንዳያታልል ከለከለ። ማንኛውም ሻጭ እንዲመዘገብም አዘዘ፤ የራሱን እርሻ ምርት የሚሸጥ ገበሬን፣ የቤት ውስጥ እጅ ሥራ የሚሸጥን፣ አልፎ አልፎ ትንሽ የሚሸጥን ግን አስቀረ። ከውጭ አገር ሽቶና የዱቄት ወተት በሻንጣ እያመጡ ዊቻት በተባለው የመልእክት መተግበሪያ የሚሸጡ ሰዎች ግን ከምዝገባውም ከግብሩም አላመለጡም። አንዳንዶቹ በዚያ ሰሞን የዕቃውን ፎቶ መለጠፍ ትተው በእጃቸው የሣሉትን ሥዕል ለጠፉ፤ ተቆጣጣሪ ቢያገኘው ሥዕል እንጂ ዕቃ አልሸጥኩም ለማለት።

አዲስ አበባና ከዚያ ወዲያ

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 25 ቀን ጃክ ማ አዲስ አበባ ነበር። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከሩዋንዳ ቀጥላ የአሊባባን የዓለም የኤሌክትሮኒክ ንግድ መድረክ ስምምነት ፈረመች። በ2020፣ በእኛ 2012 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጣ፤ በአዋጁ ውስጥ የሸማች ጥበቃ የራሱን ቦታ አግኝቷል። የኢትዮጵያ ቡናም በቻይና የቀጥታ ሥርጭት ሽያጭ ላይ አምባሳደሩ ባሉበት ቀርቦ በቅጽበት ተሸጦ አለቀ።

በቻይና ግን ሚዛኑ እንደገና እየተነቃነቀ ነበር። ገበያዎቹ ገዝፈው ነጋዴውን «ከእኔ ጋር ከሸጥክ ከሌላ ጋር አትሸጥም» እስከ ማለት ደርሰው ነበር። በኤፕሪል 2021 መንግሥት በዚህ ምክንያት አሊባባን 18.2 ቢሊዮን ዩዋን ቀጣ፤ ኩባንያው በ2019 አገር ውስጥ ካገኘው ገቢ አራት በመቶ ነው።

ከዚያ ሌላ ደንብ መጣ፤ የመጣውም ከመንግሥት አይደለም። በ2015 ተቋቁሞ በርካሽ ዋጋ የገነነው ፒንዱኦዱኦ በ2021 ቅር የተሰኘ ገዢ ዕቃውን ሳይመልስ ገንዘቡን ብቻ እንዲቀበል ፈቀደ። ታኦባኦና ጄዲ የተባለው ሌላው ትልቅ ገበያ በ2023 መጨረሻ ተከተሉት። ለገዢ ከዚህ የሚበልጥ ጥበቃ አይገኝም። ወጪው ግን የወጣው ከሻጩ ኪስ ነው፤ ገበያው በሌላው ገንዘብ ቸር ሆነ። ሱሪውን ለብሶ ገንዘቡን የሚያስመልስ ሰው በዛ፤ አሠራሩን የሚያስተምሩ ሰዎችም ብቅ አሉ። በጁላይ 2024 ለውጭ ገበያ በሚሸጠው የፒንዱኦዱኦ እህት ድርጅት በቴሙ ጓንግዡ ቢሮ ደጃፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሻጮች ተሰብስበው በቅጣትና በገንዘብ መያዝ ላይ ተቃውሞ አሰሙ። በዚያው ወር የጀመረው አዲስ የሸማቾች ደንብ ዕቃ እየቀየሩና ማስረጃ እየፈበረኩ ካሳ መጠየቅን ከለከለ። ታኦባኦ በኦገስት ጥሩ ነጥብ ላላቸው ሱቆች ገንዘብ ብቻ የመመለሱን ደንብ አላላ፤ በ2025 ዋና ዋናዎቹ ገበያዎች ደንቡን ወደ መተው ሄዱ።

የሦስቱን ዐሠርት ዓመታት ደንቦች ጎን ለጎን ላየ ሰው አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ወጪውን የሚችለው ወገን የተሸከመባቸው ወይም ብዙዎች የተካፈሉባቸው ደንቦች፣ የአደራው ክፍያ፣ የመመለሻ ኢንሹራንሱና የሰባት ቀኑ ሕግ፣ ገበያውን ሳያሽመደምዱ ሥር ሰደዱ። የ2011ዱ ማስያዣና «ገንዘቡን ብቻ መልስ» ግን አቅም በሌለው ሻጭ ላይ በአንድ ወገን ውሳኔ ተጭነው ዐመፅ ጠሩ፤ ያወጧቸውም ራሳቸው አነሷቸው ወይም አላሏቸው። ሁለቱም የወጡት በሸማቹ ስም መሆኑ አላዳናቸውም።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራምና በቲክቶክ ልብስና ጫማ የሚሸጥ ወጣት ብዙ ጊዜ ሱቅም ፈቃድም የለውም፤ ገዢውም ዕቃውን በእጁ ሳይዝ መክፈል አይወድም። አዋጁ አለ፤ ዝርዝር ደንቦችም ያስፈልጉታል። ከቻይና አንቀጽ መቅዳት ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን እያንዳንዱን ረቂቅ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ይህን ጥበቃ የሚከፍለው ማን ነው፣ መክፈልስ ይችላል ወይ፣ ሲወሰንበትስ ተጠይቋል ወይ? ለሦስቱም መልስ የሌለው ደንብ ሸማቹንም ነጋዴውንም አይጠብቅም።